የወኪሉ ምሳ
በወላይታ የተያዘ የጉዞ ማስታወሻ

ቦዲቲ

ከሻሸመኔ በሀላባ ቁሊቶ አድርጎ ወደ ሶዶ የሚሄደው መንገድ ቦዲቲን ሲቃረብ ግራና ቀኙ በሰው ይሞላል። ወላይታ ከኢትዮጵያ ገጠሮች ሁሉ ሕዝብ ከተጠጋጋባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። የአንዱ ጓሮ እንሰት ከጎረቤቱ እንሰት ጋር ቅጠል ለቅጠል ይነካካል። ማሳው ጠባብ ነው፤ በጠባቡ ማሳ ላይ ቦይናው፣ በቆሎው፣ ስኳር ድንቹ፣ ቡናው አንድ ላይ ተሰግስጓል። በአፋር ወይም በሶማሌ ቆላ የሚወዳደር እጩ መራጩን ለማግኘት ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ መዋል ግድ ይለዋል። እዚህ ግን ከጠዋት እስከ ምሳ በእግሩ የሄደ ሰው ስንቱን ደጅ ይረግጣል!

ይህን ማስታወሻ የያዝኩት ለሰባተኛው ጠቅላላ ምርጫ ፓርቲዎች ከደጋፊ መዋጮ በሚጠይቁበት ወቅት ነው። ሰው ከልጆቹ ደብተር ቀንሶ ለአንድ የፖለቲካ ዓላማ የሚሰጠው ብር ምን ላይ ሊውል ይገባዋል? ወላይታን የመረጥኩት በቅርብ ዓመታት የድምፅ ነገር እንደዚህ ዞን የተፈተነበት ቦታ ጥቂት ስለሆነ ነው።

ቦዲቲ ላይ ሸንኮራ አገዳ የጫነ ወጣት አገኘሁ። የለበሰው ካናቴራ ደረቱ ላይ የፓርቲ ምልክት ነበረበት፤ ፀሐይና ሳሙና አደብዝዘውታል። ሲታደል ተሰልፎ እንደወሰደው ነገረኝ። «ለዚህ ፓርቲ ነው የመረጥከው?» አልኩት። «ጋሼ፣ ካናቴራውን ለሥራ ነው የወሰድኩት። የመረጥኩት ሌላ ነገር አስቤ ነው» አለ። የማንን ምልክት እንደለበሰ አልጽፍም፤ በየፓርቲው ያለ ነገር ነው። ቅስቀሳ በመጣ ቁጥር የመዋጮው ትልቁ ድርሻ ወደ ካናቴራ፣ ኮፍያ፣ ባነርና ሞንታርቦ ወደተጫነበት መኪና ይሄዳል። ያን ሁሉ ለብሶና ሰምቶ ወደ ጣቢያው የሚሄደው ሰው ውሳኔውን የሚያደርገው ግን ከቤተሰቡና ከጎረቤቱ ጋር ተነጋግሮ ነው።

በአገራችን ቅስቀሳ ታሪክ ለዚህ ትልቁ ማስረጃ የ1997 ምርጫ ይመስለኛል። ሚያዝያ 29 ገዥው ኢሕአዴግ መስቀል አደባባይን በሰልፈኛ ሞላ። ካናቴራውም ኮፍያውም ነበር። በማግስቱ ሚያዝያ 30 ተቃዋሚው ቅንጅት በዚያው አደባባይ ሰልፍ ጠርቶ ከዚያ የሚበልጥ ሕዝብ ወጣለት። የቅንጅት ምልክት ወደ ላይ የተቀሰሩ ሁለት ጣቶች ነበሩ። ጣት ማተሚያ ቤት አይገባም። ድሀ ሀብታም ሳይል ሁሉም ይዞት ወጣ።

ሶዶ

ሶዶ የዳሞታ ተራራ ግርጌ ላይ ተዘርግታለች። ከ2015 ነሐሴ ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ስለሆነች የቢሮ ሰሌዳ በየሕንፃው በዝቷል፤ የቤት ኪራይም አብሮ ወጥቷል ይላሉ ነዋሪዎቹ። ከተማዋ እዚህ የደረሰችበት መንገድ ግን ረጅምና የሚያሳዝን ነው።

የዞኑ ምክር ቤት ወላይታ ራሱን የቻለ ክልል እንዲሆን የጠየቀው በታኅሣሥ 2011 ነበር። በነሐሴ 2012 የዞኑ አመራሮችና የጥያቄው አራማጆች ተሰብስበው ባሉበት ታሰሩ፤ ይህን ተከትሎ በተነሣው ተቃውሞ ሰዎች በጥይት ሞቱ። ጥር 29 ቀን 2015 በስድስት ዞኖችና በአምስት ልዩ ወረዳዎች ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ። ጥያቄው አንድ ነበር፦ በጋራ አንድ ክልል መመሥረትን ትደግፋላችሁ ወይስ አትደግፉም? የሚደግፍ ነጭ እርግብን፣ የማይደግፍ ጎጆን ይመርጣል። በሌሎቹ ቦታዎች ውጤቱ ጸደቀ። በወላይታ ግን ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰፊ የሕግ ጥሰት አግኝቻለሁ ብሎ የዞኑን ውጤት እንዳለ ሰረዘው። ሰኔ 12 ቀን 2015 እንደገና ድምፅ ተሰጠ፤ ያኛው ጸደቀና ወላይታ ከአዲሱ ክልል ጋር ሆነ።

የትኛው ወገን ትክክል ነበር የሚለውን እዚህ አልከራከርም። እርግብ ብለው የቀሰቀሱም፣ ጎጆ ብለው የቀሰቀሱም ከስረዛው የሚወስዱት አንድ ትምህርት ግን አለ። ወራት የፈጀ ቅስቀሳ፣ የተለጠፈ ባነር፣ የተቃጠለ ነዳጅ ሁሉ በአንድ ቀን ጣቢያው ውስጥ በተሠራ ጥፋት ዋጋ አጣ። ድምፁ የሚድነውም የሚጠፋውም ጣቢያው ውስጥ ነው። ጠዋት ሳጥኑ ባዶ መሆኑ ሲታይ፣ መዝገቡ ላይ ስም ሲፈለግ፣ ጣት ላይ ቀለም ሲቀባ፣ ማታ ወረቀቱ አንድ በአንድ ሲቆጠር እዚያ የተቀመጠ ሰው ያስፈልጋል። ሕጉ ይህን ሰው የፓርቲ ወኪል ይለዋል። አበሉን፣ ትራንስፖርቱንና ምሳውን የሚችለው የላከው ፓርቲ ነው።

ከገበያው አጠገብ ባለች አንዲት ማተሚያ ቤት ቁጭ ብዬ ከባለቤቷ ጋር ተጨዋወትኩ። ፓርቲዎች ወደ እርሷ የሚመጡት መቼ እንደሆነ ጠየቅኳት። «ቅስቀሳው ሲጀመር ነዋ። ብሩ ያኔ ነው ያለው። ወደ መጨረሻው የሚመጣው በዱቤ ነው፤ በዱቤ ደግሞ አልሠራም» አለችኝ። እኔ ስፈልገው የነበረውን ነገር በሦስት ዐረፍተ ነገር ጨረሰችው። የምርጫ ሕጋችን ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ያሉትን የመጨረሻ ቀናት የዝምታ ጊዜ ያደርጋቸዋል፤ ቅስቀሳ ክልክል ነው። ገንዘቡ በቅስቀሳው መጀመሪያ ወራት ካለቀ፣ ከዝምታው በኋላ ለምትመጣዋ አንዲት ቀን ምንም አይቀርም። ያቺ ቀን ደግሞ ዋናዋ ናት።

ሰኔ 14 ቀን 2013 የሆነውን ላስታውስ። ድምፅ መስጠት ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት እንዲሆን ነበር የታቀደው። ሰልፉ አላልቅ ብሎ ቦርዱ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት አራዘመው። ከዚያ ቆጠራ አለ። በየጣቢያው የተቀመጠ ወኪል ሌሊቱን ሊያነጋ ነው ማለት ነው። ቁርሱን በልቶ የወጣ፣ ምሳ የማይመጣለት፣ የስልክ ካርድ የሌለው፣ የመመለሻ ባጃጅ የማይከፈልለት ወጣት ስምንት ሰዓት ላይ ወንበሩን ትቶ ቢሄድ በምን ይወቀሳል? እሱ ሲሄድ ፓርቲው ከዚያ ጣቢያ ዐይኑን አጣ። ውጤቱ ሲለጠፍ ፈርሞ ቅጂውን የሚወስድለት ሰው የለውም። ቅጂ የሌለው ፓርቲ አቤቱታ ይዞ ወደ ቦርዱ፣ ከቦርዱም ወደ ፍርድ ቤት ሲሄድ እጁ ላይ ያለው ወሬ ብቻ ነው።

ማታ አልጋ ቤት ቁጭ ብዬ ሒሳቡን ሠራሁት። አንድ ፓርቲ በ100 ጣቢያዎች ቢወዳደርና በየጣቢያው በየተራ የሚጠብቁ ሁለት ወኪሎች ቢያስቀምጥ፣ ለእያንዳንዳቸው ለምግብ፣ ለመጓጓዣና ለስልክ 500 ብር ቢመድብ 100,000 ብር ነው። ለሥልጠና አንድ ቀን ቢሰበስባቸውና ያንኑ ያህል ቢያወጣ 200,000 ብር። ይህ ብር ከመዋጮው ውስጥ የመጀመሪያው ቀን ተቆርጦ፣ በሌላ ሒሳብ ተቀምጦ፣ እስከ ዝምታው ቀን ድረስ ሊቀመንበሩም ቢሆን እንዳይነካው መደረግ አለበት ብዬ አምናለሁ። ባነር ከዚህ ከተረፈው ይታተም። ካልተረፈ አይታተም።

አየር ሰዓት መግዛት ላይም ቆም ተብሎ ቢታሰብ እላለሁ። በመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ላይ ለተወዳዳሪዎች ያለ ክፍያ የሚደለደል የአየር ሰዓትና የጋዜጣ ዓምድ አለ። ይህን በወጉ ያልተጠቀመ ፓርቲ፣ ተናጋሪውን ሳያዘጋጅ የላከ ፓርቲ፣ የደጋፊውን ብር ለማስታወቂያ ሲያወጣ ያሳዝነኛል።

ሁምቦ

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ሁምቦ ጠበላ አለች። ወደዚህ የመጣሁት በፖለቲካ ምክንያት አልነበረም፤ ተራራውን ለማየት ነው። ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆኖታል፣ እዚህ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ በገበሬዎች ጥበቃ ከጉቶው እንደገና አቆጥቁጦ ደን ሆነ። ሥራው በወርልድ ቪዥን ድጋፍ በሰባት ኅብረት ሥራ ማኅበራት የተያዘ ነው፤ ደኑ ለሚያምቀው ካርቦን በዓለም ባንክ በኩል ገንዘብ ተከፈላቸው። በአፍሪካ በዚህ መልክ ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ትልልቅ የደን ሥራዎች አንዱ ነው።

እኔን ያስደነቀኝ ከደኑ ይልቅ ብሩ የተያዘበት መንገድ ነበር። ገንዘቡ የጋራ ነው፤ ስለዚህ ምን ላይ ይዋል የሚለው የማኅበሩ አባላት ጉዳይ ሆነ። ወፍጮ ተተከለ፣ የእህል መጋዘን ተሠራ። አንድ ሽማግሌ ከዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ሲያጫውቱኝ «ልጄ፣ የጋራ ብር በጓዳ ከተቆጠረ ጠብ ነው፤ በሜዳ ከተቆጠረ ወፍጮ ነው» አሉኝ። እርሳቸው የዕድር ገንዘብ ያዥም ነበሩ። በዕድራቸው ገቢና ወጪው በየጊዜው በአባላት ፊት ይነበባል፤ ድንኳን ስንት፣ ወንበር ስንት፣ ለቀብር የወጣው ስንት፤ ማንም እጁን አንሥቶ ይጠይቃል። ለፓርቲ አዋጥተው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አዋጥተዋል። «ታዲያ ምን ላይ እንደዋለ ተነበበልዎ?» ራሳቸውን ነቀነቁ። «እርሱን የሚያነብ አልመጣም።»

የምርጫ ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 1162/2011፣ ፓርቲዎች የሒሳብ መዝገብ እንዲይዙ፣ እንዲያስመረምሩና ለቦርዱ እንዲያቀርቡ ያዛል። ከውጭ መንግሥት፣ ከሃይማኖት ተቋም፣ ማንነቱ ካልታወቀ ሰጪ መቀበልንም ይከለክላል። የሃይማኖት ተቋሙ ክልከላ ለወላይታ ትርጉም አለው፤ እዚህ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ምእመናን አሥራት ማውጣትንና ለወንጌል ሠራተኛ ማዋጣትን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ያ የመስጠት ልማድ ወደ ፖለቲካ ሲሻገር በሰው በሰው ስም፣ በደረሰኝ ወይም በቴሌብር ይሁን፤ በጉባኤ ስም ተጠቅልሎ አይምጣ። ለቦርዱ የሚሄደው ሪፖርት ግን አዋጪውን አይደርሰውም። ሁምቦ ላይ 50 ብር የሰጠ ገበሬ የኦዲት ሪፖርት ፍለጋ አዲስ አበባ አይሄድም። ስለዚህ ፓርቲ ሕጉ ከሚያዘው አልፎ፣ በሰበሰበበት ቀበሌ ላይ በሰበሰበበት ቋንቋ ማንበብ አለበት።

ሒሳብ ያልተነበበለት አዋጪ ምን ያህል እንደሚጎዳ ቅንጅት አሳይቶናል። ከ1997 በኋላ መሪዎቹ በእስር ሳሉ በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ያለው ኢትዮጵያዊ ብዙ ገንዘብ አዋጣ። በ1999 ክረምት መሪዎቹ ተፈትተው ልዑካን ወደ አሜሪካ ሲሄዱ ፓርቲውም፣ የውጭ ድጋፍ ኮሚቴዎቹም ለሁለት ተከፍለው ተገኙ። ከጠቡ ምክንያቶች አንዱ በውጭ የተሰበሰበው ገንዘብ ሒሳብ ነበር። ፓርቲውን የከፈለው ገንዘብ ብቻ ነው አልልም፤ የሥልጣንና የአቋም ልዩነትም ነበር። ግን ታክሲ እየነዳ ያዋጣው ሰው ብሩ የት እንደደረሰ በግልጽ ሳይነገረው ቀረ። ከዚያ በኋላ ለስንት ዓመት «ለፖለቲካ አላዋጣም» የሚል ሰው በዋሽንግተንም በአዲስ አበባም ሰማን። አደራ ሲበላ ጉዳቱ ቀጥሎ ለሚመጣው ንጹሕ ሰው ይተርፋል።

ሒሳብ ማሳየት ግን የማይቻል ነገር አይደለም። በሕንድ እጩዎች ውጤት በታወቀ በ30 ቀን ውስጥ የወጪ ሒሳባቸውን ማቅረብ አለባቸው። የየአውራጃው ምርጫ ጽሕፈት ቤት ለሻይና ለሳምቡሳ፣ ለወንበር ኪራይና ለአበባ ጉንጉን ሳይቀር የዋጋ ዝርዝር ያወጣል፤ ተቆጣጣሪው በስብሰባው ላይ ያየውን በዚያ ዋጋ ያባዛል። ሚሊዮኖች ድምፅ በሚሰጡበት አገር ሳምቡሳ ከተቆጠረ በዞን ደረጃ ካናቴራ መቁጠር አያቅተንም።

በሌ

ከሶዶ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዳውሮ በሚወስደው መንገድ አገሩ እየወረደ ኦሞን ይፈልጋል። በሌ የኪንዶ ኮይሻ ወረዳ ከተማ ናት። ከዚያ ወዲያ በ2009 የተመረቀው፣ 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጊቤ ሦስት አለ። ሙቀቱ ከሶዶ ይለያል፤ ቀበሌዎቹም ይራራቃሉ። ቦዲቲ ላይ ያልኩት የእግር ቅስቀሳ እዚህ ይከብዳል፤ ሞተር ይፈልጋል፣ ከሞተሩ ወርዶም ረጅም መንገድ አለ።

ለዚህ ነው ገንዘቡ የሰው እግር ላይ ይዋል የምለው። ከሶዶ በመኪና መጥቶ በሞንታርቦ ጮኾ ከሚመለስ ቡድን ይልቅ የቀበሌው ልጅ፣ በወላይትኛ የሚያወራ፣ ማታም እዚያው የሚያድር ሰው ይሻላል። ለእርሱ አበል፣ ጫማና የሞተር ነዳጅ መክፈል ያዋጣል። በቋንቋ ጉዳይ ወላይታ ከባድ ዋጋ ከፍሏል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን አፍ አደባልቆ «ወጋጎዳ» በሚል የተዘጋጀ የመማሪያ መጽሐፍ ታትሞ ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ ሕዝቡ ተነሣ፤ ሰው ሞተ፣ መምህራን ታሰሩና ከቦታቸው ተነሡ። መጽሐፉ ተሰበሰበ። ወላይታም በ1993 ከሰሜን ኦሞ ወጥቶ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ያን ሁሉ ወረቀት ያሳተመ ሰው ከማሳተሙ በፊት በአንዲት የወላይታ እናት ፊት አንብቦት ቢሆን ኖሮ ስንት ነገር በዳነ። ዛሬም አዲስ አበባ በአማርኛ ተጽፎ፣ በጥድፊያ ተተርጉሞ፣ በካርቶን የሚላክ በራሪ ወረቀት ለእኔ የባከነ መዋጮ ነው።

በሌ ላይ ከሴቶች የቁጠባ ማኅበር አባላት ጋር ቡና ጠጣሁ። አንዷ ለምክር ቤት እንድትወዳደር ተጠይቃ ነበር፤ እምቢ ብላለች። ምክንያቷን ስትናገር ስለ ፖለቲካ አንድም ቃል አላነሣችም። ትንሹን ልጅ ማን ይይዝልኛል፣ ከስብሰባ አምሽቼ ከማን ጋር እመለሳለሁ፣ የገበያ ቀኔ ሲያልፈኝ ምን እበላለሁ አለች። መንግሥት ለፓርቲዎች የሚሰጠውን ድጋፍ ቦርዱ ሲያከፋፍል የሴት እጩዎች ብዛት አንዱ መለኪያ ነው። እንግዲህ ፓርቲው በእርሷ ስም ገንዘብ ያገኛል ማለት ነው። ያ ገንዘብ ወደ እርሷ ተመልሶ ለልጅ ጠባቂ፣ አብሯት ለሚሄድ ሰው፣ ለጠፋው የገበያ ቀኗ ካልዋለ ስሟን ብቻ ነው የፈለጉት። ከደጋፊ መዋጮም ቢሆን ለዚህ ለማውጣት ማፈር አይገባም። ሞግዚት ከባነር ያነሰች የቅስቀሳ ወጪ አይደለችም።

ስለ ወኪሎቹ ምሳ፣ ስለ ሁምቦው ዕድር፣ በሌላ ሒሳብ ስለሚቀመጠው ብር አጫወትኳቸው። የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ፣ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፣ ስኒውን አስቀምጠው «ሌላም ጨምርበት ልጄ» አሉኝ።

«ምን ልጨምር እትዬ?»

«የመመለሻውን። ከምርጫው በኋላ እጩው እዚህ ድረስ የሚመጣበትን ብር ያስቀምጥ። ቢያሸንፍም ቢሸነፍም ይምጣ። ስንት እንደሰጠነው እናውቃለን፤ ስንት እንዳወጣ ደግሞ እርሱ ይንገረን።»

ከሶዶ በሌ ደርሶ መልስ የሞተር ነዳጅና የአንድ ሰው አበል ነው የጠየቁት። እኔም በማስታወሻዬ ላይ ከወኪሎቹ ምሳ ቀጥሎ አስገባሁት።